ሦስት ለባዶ

ሦስተኛዋ ጎል ስትገባ ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ብድግ ብላ እልል አለች። ጭኗ ላይ የነበረው ሱሪ መሬት ወደቀ። የእሷን ክፍልና የፀጉር ቤቱን የሚለየው የጣውላ ግድግዳ በሩ ክፍት ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ከተቀመጠችበት ይታያታል።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ በበሩ ብቅ አለ። «እትዬ፣ ኧረ ቀስ! ደንግጬ የሰውዬውን ጆሮ ልቆርጠው ነበር እኮ!»

«ቁረጠው! ሦስት ለባዶ እየመራን ጆሮ ምን ያደርጋል?»

ግማሽ ራሱን የተላጨው ደንበኛ ከወንበሩ ላይ ሆኖ «በማን ጆሮ ነው የምትቀልዱት?» ሲል ሁሉም ሳቁ።

ኳስ የለመደችው በልጇ ምክንያት ነው። ልጇ ሌላ ከተማ ነው የሚሠራው። የሚደግፈው ቡድን፣ ቀዮቹ፣ ያሸነፉ ቀን ራሱ ይደውላል፤ ወሬው አያልቅም። የተሸነፉ ቀን ግን ብትደውልለትም ከ«ደህና ነኝ» ሌላ ቃል አይወጣውም። ዛሬ ማሸነፋቸውን የእሷን ያህል የፈለገ ሰው አልነበረም።

የፊታችን ሐሙስ ኦፕራሲዮን ትሆናለች። ሐኪሙ ጡቷ ላይ ያለው እብጠት መውጣት አለበት ብሏታል። ለልጇ አልነገረችውም። አባቱም «ቀላል ነው» ተብሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብቶ በዚያው ቀርቷል። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሆስፒታል የሚል ቃል ከሰማ «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» ብሎ ስልኩን ይዘጋል። ስለዚህ ደስ ያለውን ቀን ጠብቃ ልትነግረው፣ ሳትነግረውም ወደዚያ ክፍል ላለመግባት ወስናለች። ሦስት ቅዳሜ ጠበቀች። ቀዮቹ ሦስቱንም ተሸነፉ።

ተጫዋቾቹ ለእረፍት እንደወጡ ስልኳ ጮኸ።

«እማዬ! እያየሽ ነው?»

«ታዲያስ! ሥራዬን ጥዬ!»

«ሁለተኛዋን አየሻት? ጉድ እኮ ነው!» ብሎ ሳቀ። ከሆዱ የሚወጣ ሳቅ ነው። እንዲህ ሲስቅ ከሰማችው ሁለት ዓመት አልፏል።

«የኔ ጌታ፣ አንድ የምነግርህ ነገር ነበረኝ።»

«ንገሪኛ!»

አፏን ከፈተች። እሱ ገና እየሳቀ ነበር። ያንን ሳቅ በገዛ አፏ ማጥፋት አቃታት። ጨዋታው ይለቅ፣ ያን ጊዜ ደስታው ሙሉ ይሆናል፣ ነገሩም ይቀለዋል አለች በልቧ።

«ሲያልቅ ይሻላል። አሁን ጨዋታህን እይ።»

«እሺ፣ እንዳለቀ እደውላለሁ!»

ከእረፍት መልስ የመጀመሪያዋ ጎል ስትገባባቸው ማንም አልደነገጠም። «ለአመል ያህል ናት፣ ትግባላቸው» አለ ፀጉር አስተካካዩ። ሁለተኛዋን ያስገባባቸው የራሳቸው ተከላካይ ነው ማለት ይቻላል፤ ለበረኛው እሰጣለሁ ብሎ ኳሷን ለባላጋራው አጥቂ አቀበለው። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን መስታወቱ ሥር ወረወረው።

«አሁን ይሄ ሰው ነው?»

«መጀመሪያ ግማሽ ራሴን ጨርስና ተናደድ!» አለ ደንበኛው።

እሷ ግን አልሳቀችም። በሩ ላይ ቆማ ተጫዋቾቹን እንደ ልጆቿ ትቆጣ ጀመር። «ውጡ እንጂ! ምን ይዟችሁ ነው እዚያ የተኮለኮላችሁት? አርቀህ ምታው አንተ! አርቀው!» ሦስት ለሦስት ሲሆኑ ማየት አልቻለችም። ወደ መኪናዋ ተመለሰችና ሱሪውን አንሥታ መስፋት ያዘች። ጥቂት ቆይታ ስታየው ሁለቱን እግሮች አንድ ላይ ሰፍታቸዋለች።

ስፌቱን መፍታት እንደጀመረች ከወዲያ ማዶ «ኧረ በሕግ!» የሚል ጩኸት ሰማች። ዞራ ማየት አላስፈለጋትም። በባከነ ሰዓት አራተኛዋ ገብታለች።

«እንዴት ሦስት ጎል ይዞ ሰው ይሸነፋል?» አለች። «እጅ የገባ ነገር እንዴት እንዲህ ይለቀቃል?»

ፀጉር አስተካካዩ መጥቶ አያትና ቁጣው በረደለት። «እትዬ፣ ኳስ እኮ ነው። በኳስ ይለቀሳል?»

«አቧራ ነው» አለችና በሻርፗ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እሱም ወደ ደንበኛው ተመለሰ።

ስልኳ ጮኸ። ልጁ ቃሉን አላጠፈም።

«እማዬ።»

«ወዬ፣ ልጄ።»

ሲተነፍስ ትሰማዋለች። «አየሻቸው?» አላት።

«አየኋቸው።»

«አባዬ ቢኖር ዛሬ ቴሌቪዥኑ አይተርፍም ነበር።» ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። «ተይው፣ ደክሞኛል። አንቺ ምን ልትነግሪኝ ነበር?»

ስፌቱን ለመፍታት የያዘችውን መርፌ ሱሪው ላይ ሰካችው። ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ የእሱ ድምፅ ግን አባቱን የቀበረ ቀን የነበረው ድምፅ ነው።

«ምንም። ናፍቀኸኝ ነው።»

«እኔም።»

«አይዞህ፣ የሚቀጥለውን ያሸንፋሉ። ያን ጊዜ ደህና አድርገን እናወራለን።»

«የሚቀጥለው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ እማዬ። ሊጉ እረፍት ላይ ነው።»

«ሁለት ሳምንት?»

«አዎ። ምነው?»

«ምንም፣ ምንም። ሳትበላ እንዳትተኛ።»

«እሺ። ቻው።»

«አይዞህ» አለችው። ስልኩ ግን ተዘግቷል። ጆሮዋ ላይ እንደያዘችው ደግማ «አይዞህ» አለች።

ፀጉር አስተካካዩ ለእሱ ያለችው መሰለው። «እሺ፣ እትዬ» አለ ከግድግዳው ማዶ። «እርስዎም አይዞዎት።»