ጅራቱን የሚጎትት መስመር

«በሰፈሩ የእኛን የሚያህል ንጹሕ ማሽን የለም፤ በገዛ እጄ ነው የወለወልኩት!» አለች ፌቨን፣ ለፋሲካ አናቷ ላይ የተቆለለውን ቅቤ እየደባበሰች።

በእሷ ዘመን የሰው አፍንጫ አይታመንም። ማሽኑ የወጡን ሽታ አንብቦ ስክሪኑ ላይ የመብሰሉን ምልክት፣ ሹል ጫፍ፣ ካልሣለ የድስቱ ቁልፍ አይከፈትም። ዛሬ ግን መስመሩ ሽቅብ ወጥቶ ሲወርድ እንደ ሙሽራ ቀሚስ ጅራቱን ይጎትታል፤ ዶሮውም እንደተቆለፈበት ይቀዘቅዛል።

ፌቨን የማሽኑን ሙቀት ጨመረች፤ ጅራቱ አልሰበሰብ አለ። ሽታው የሚገባበትን ቀጭን የብርጭቆ ቱቦ አውጥታ በጣቷ ጠረገችና መለሰችው፤ ጅራቱ ይባስ ብሎ ረዘመ።

«አርጅቷል፣ ይቀየር!» ብላ ፈረደች።

ጾሙ ያጠወለጋቸው አጎቷ ጋሽ ደርሶልኝ ትዕግሥታቸው አለቀ።

«ማሽኑ ምን አደረገሽ! ቱቦውን በቅቤ የለወስሽው አንቺ! እኔ እንኳ እዚህ ተቀምጬ ጣትሽ ይሸተኛል!»