«እንዳትደነግጥ» ተብሎ የተቆለፈባቸው እናት

«ልጄ ሞቷል! በሩን ክፈቱልኝ... ሄጄ ላልቅስበት!»

እማማ ዘውድነሽ የብረቱን በር በሁለት እጃቸው ይደበድባሉ።

አዳማ ውስጥ ያለ አንድ የግል የአረጋውያን መንከባከቢያ ነው።

ነርሷ ቦንቱ ሮጣ መጥታ አቀፈቻቸው። ሥራ ከጀመረች ገና ሳምንቷ ነው።

«ማን ነው የሞተው እማማ?»

«ሰይፈሚካኤል! የመጨረሻ ልጄ! ቆቃ ያለው!»

ቦንቱ በሩን ግን አልከፈተችም።

ሥራ የገባች ዕለት ተነግሯታላ! «እሳቸው የመርሳት በሽታ አለባቸው። በሕይወት ያለ ልጃቸውን ሞቷል ይላሉ። እንዳታስወጫቸው።»

ማን ነው እንዲህ ያለው? ሐኪም? ፍርድ ቤት?

ኧረ የምን ፍርድ ቤት! ትልቁ ልጃቸው ተክለሃይማኖት ነው። እሱ አለ... በሩ ተቆለፈ። በቃ!

ደግሞ እኮ ክፉ ልጅ አይደለም። ከእህቱ ከሃኒ ጋር በየሳምንቱ ብርቱካን ተሸክሞ፣ ጺሙን አሳድጎ ይመጣል።

«እማዬ፣ ሰይፌ ደህና ነው! ለሥራ ሩቅ ሄዶ ነው፣ ኔትወርክ የለም» ትላለች ሃኒ።

እማማ የሃኒን ጥቁር ቀሚስ ዳሰስ ያደርጉና፣ «ይሄስ?» ይላሉ።

«ፋሽን ነው እማዬ!»

ያኔ ይጮኻሉ። ሲጮኹ ማስተኛ ኪኒን ይሰጣቸዋል። ቦንቱም በጁስ አድርጋ አጠጥታቸዋለች። ሲነቁ ያው ጥያቄ... ያው በር።

አንድ ቀን ታዲያ ቦንቱ አሰበች። «ልጃቸው ራሱ ቢያናግራቸው እኮ ያርፋሉ!»

የእማማን ስልክ ልጆቻቸው «ይረብሻታል» ብለው ወስደውታል። ቁጥሩን ግን እማማ በቃላቸው ነገሯት። አንድም አልሳቱም!

(የመርሳት በሽታ አለባቸው የተባሉት ሴትዮ!)

ስልኩን ያነሳችው ሴት ናት።

«ሃሎ... ኤኙ? ማን ልበል?»

«ሰይፈሚካኤልን ፈልጌ ነበር...»

ሴትዮዋ ለቅሶዋ መጣ። የሰይፈሚካኤል ሚስት ጉዲቱ ነበረች።

«አልሰማሽም እንዴ እህቴ? ሰይፌ እኮ አረፈ። እሁድ አርባው ነው። እናቱ እንኳን ሳይቀብሩት... ‹ታመዋል፣ ሰው አይለዩም› አሉን።»

ቦንቱ ስልኩን ዘጋች።

እዚያ ግቢ ውስጥ እውነቱን የሚናገሩት «ጤነኛ አይደሉም» የተባሉት እናት ብቻ ነበሩ። በሩን ይዛ የከለከለቻቸው ደግሞ እሷ ራሷ!

ለተክለሃይማኖት ደወለች። ከሃኒ ጋር እየበረረ መጣ።

«ማን ፈቀደልሽ?» ብሎ ጮኸባት። «ልቧ ደካማ ነው! መርዶ ሰምታ ቀጥ ብትልስ? ቀስ ብለን ልንነግራት ነበር!»

እማማ ከኋላው ቆመው ይሰሙታል።

«ቀጥ ይበላ! የራሴ ልብ አይደል? የወለድኩትን ልጅ ልቅበር ብል አንተ ማን ነህ የምትከለክለኝ? እህትህ ጥቁር ለብሳ፣ አንተ ጺምህን አሳድገህ መጣችሁ። ያየሁትን ብናገር አእምሮዋን ሳተች አላችሁ። እሱን አፈር በላው... እኔን ግን በቁሜ ቀበራችሁኝ!»

ሃኒ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ቦንቱ ቁልፉን አወጣች። «እማማ፣ መሄድ ይፈልጋሉ?»

እስከዚያች ቀን ይህን የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

«አዎ ልጄ... ክፈቺልኝ።»

ተክለሃይማኖት በሩ ላይ ተገትሮ ነበር። እናቱን አየ። ከዚያ አንገቱን ደፍቶ መንገድ ለቀቀ።

እሁድ ቆቃ ላይ እማማ ዘውድነሽ ደረታቸውን እየደቁ፣ የልጃቸውን ስም እየጠሩ እስኪወጣላቸው አለቀሱ። ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም።

ልባቸው አልቆመም።

የዚያን ቀን ማታ ጉዲቱ አጠገብ ጋደም አሉ... ያለ ኪኒን እንቅልፍ ወሰዳቸው።

ወገኖቼ፣ እርጅና የአእምሮ መታወክ አይደለም! አንድ ሰው ስለ ራሱ መወሰን አይችልም የሚባለው ፍርድ ቤት አጣርቶ ሲወስን እንጂ ትልቁ ልጅ እንዲህ ስላለ አይደለም። ቢረሳም፣ ቢያምም እንኳ መጀመሪያ ራሱ ይጠየቃል። «ለሷ ብለን ነው» እያልን የምንቆልፈው በር እስር ቤት ነው!

እስቲ እውነቱን እናውራ... እናንተ ቤት «እንዳትደነግጥ»፣ «እንዳይደነግጥ» ተብሎ ከማን ምን ተደብቋል? ተክለሃይማኖትን ብትሆኑስ ምን ታደርጉ ነበር? 👇