መውጫ የሌለው ቅያስ

ባጃጁ በሦስተኛውም ቅያስ ገብቶ ከቆርቆሮ አጥር ጋር ተፋጠጠ። በመካነ ሰላም ከተማ ዳር በበቀለው አዲስ ሰፈር ሁሉም ቤቱን ሲሠራ መንገድ የተወ አልነበረም፤ የሐኪም ቤቱ ጣሪያ ከአጥሮቹ ማዶ ይታያል። ደብረወርቅ ምጥ የጠናባትን ልጇን ለሾፌሩ አስደግፋ ወረደችና መንገዱን የዘጋውን ግቢ በር ደበደበች።

«በጓሮዎ ያሳልፉን፣ አባቴ። ልጄ ልትሞትብኝ ነው» አለቻቸው በሩን ለከፈቱት ሽማግሌ።

ሽማግሌው ዲጂኖ አንሥተው የጓሯቸውን ቆርቆሮ ገነጠሉት። ከማዶው ሌላ አጥር ቆሟል።

«ይሄስ የማን ነው?»

«እኔም አላውቀው፤ ከታጠረ ገና ሳምንቱ ነው» አሉና ዲጂኖውን ሰነዘሩ።

በሁለተኛው ምት ከባጃጁ ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። የሽማግሌው እጅ አየር ላይ ቀረ። ደብረወርቅ የልጇን ድምፅ ለመስማት ትንፋሿን ዋጠች። የሚሰማው ግን የሕፃኑ ብቻ ነበር።