ቀን የተነገረ ተረት

ድርቤ የጉሬዛውን ቆዳ ደጅ መሬት ላይ ወጥራ የመጨረሻውን ችካል በድንጋይ መታች። ባሏ ጠዋት ከወንዙ ዳር ሾላ ላይ ገድሎ ያመጣው ነው፤ ለሹማምንት ለምድ የሚሆን ቆዳ የሚገዛው ነጋዴ ወደ ነቀምት ሳያልፍ ይድረቅ ብሏት ወጥቷል። ረጅሙን ነጭ ጸጉር ነፋሱ ያነሣዋል፣ መልሶ ያስተኛዋል።

ልጇ መጥታ ከጎኗ ቁጢጥ አለች። ማታ ማታ እሳት ዳር፣ እናቷ "ዱሪ ዱሪ" ብላ ተረት ስትጀምር፣ ልጅቷ ሁልጊዜ የምትለምናት የጉሬዛን ነበር። ዝንጀሮ ማሳ ሲዘርፍ፣ ጦጣ ቅርንጫፍ ሲሰብር፣ ጉሬዛ ግን ቅጠሉን ብቻ እየቀመሰ ዛፉን ስለጠበቀ፣ ማንም እንዳይነካው ነጭ ካባ ተሸለመ።

"ሃርሜ፣ ካባውን ያየ ሰው አይነካውም ብለሽኝ አልነበር?" አለቻት እናቷን።

ድርቤ ድንጋዩን መሬት ላይ አስቀመጠች። "ዱሪ ዱሪ" አለች።

ልጅቷ ደንግጣ የእናቷን አፍ በእጇ ከደነች። "ኧረ ሃርሜ! ቀን ተረት ከተወራ ከብት ይጠፋል!"

ድርቤ ወደ በረቱ ዞር ብላ አየች። የከብት በሽታ ገብቶ በረቱን ባዶ ካስቀረበት ክረምት ወዲህ በሩን የዘጋው ሰው አልነበረም። የልጅቷን እጅ ከአፏ ላይ ቀስ አድርጋ አነሣች።

"ዱሪ ዱሪ" አለች ደግማ።