ወፍጮውን የሚቆልፍ ዱቄት

ዱቄቱ መጉደሉን የላቦራቶሪው ኃላፊ ያወቀችው በራሷ እጅ ስትመዝነው ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ዱቄቱ የሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ቁልፍ ያለው እሷና ጭምቱ ዘንድ ብቻ ነበር።

ጭምቱ ያሉት የላቦራቶሪው ሰዎች ናቸው፤ ቃል ከአፉ በመከራ ስለሚወጣ። ዱቄቱን የምታመነጨውን ባክቴሪያ ከወንዝ ዳር አፈር ውስጥ ለቅሞ ያገኛት እሱ ነው። ሴል ያረጀ ፕሮቲኑን እየፈጨ ያስወግዳል። ዱቄቱ ያንን ወፍጮ ይቆልፈዋል። ጤነኛው ሴል እንደምንም ይቋቋመዋል፤ የካንሰሩ ግን በገዛ ቆሻሻው ታፍኖ ይሞታል። አይጦች ድነውበታል። ሰው ገና አልቀመሰውም። ከዳኑት አይጦችም አንዳንዶቹ እግራቸው ደንዝዞ፣ በመርፌ ቢወጉ ዞር ብለው አያዩም።

ሚስቱን የአጥንት መቅኔ ካንሰር ከያዛት ወዲህ ጭምቱ ልቡ ሥራው ላይ አልነበረም። ብርጭቆ ከእጁ ያመልጣል። ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፎ ይመጣል። አንድ ቀን ከምድጃ የወጣ ጠርሙስ በባዶ እጁ አንስቶ ጠረጴዛው ላይ እስኪያስቀምጥ ፊቱ አልተለወጠም። ባልደረቦቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። ሐዘን ሰውን እንዲህ ያደርጋል ተባባሉ።

ኃላፊዋ ቢሮዋ አስጠርታ በሩን ዘጋች።

«ዱቄቱን የወሰድከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«ለእሷ ሰጠሃት?»

«አልሰጠኋትም። ገና ነው።»

አላመነችውም። ሐኪሞች ተስፋ ቆርጠው ወደ ቤቷ የመለሷት ሚስት ያለችው ሰው ለሌላ ለማን ይወስዳል? ሴትዮዋ አንድ ነገር ብትሆን እሱ ወህኒ ይወርዳል፤ የስንት ዓመት ልፋታቸውም ገደል ይገባል። ልትቆጣው ፈልጋ ቁጣው አልመጣላት አለ። ቁልፉን እንዲመልስ ብቻ ነገረችው። አላንገራገረም። ሲያቀብላት ቁልፉ ከጣቶቹ መሃል ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ ጎንበስ ብላ አነሳችው።

በማግስቱ እሱ ሥራ ላይ ሳለ ብቻዋን ቤቱ ሄደች። ሚስቱ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከስታለች፤ ጨዋታዋ ግን አልተለያትም። የእንግዳዋን ማንነት ስትሰማ ስለ አቀባበሏ ይቅርታ ጠየቀች፤ አልጋው እንደ ባለሥልጣን ወንበር ነው፣ አንዴ ከተቀመጡበት አያስነሳም አለች።

ኃላፊዋ እግሯን ለማየት ፈቃድ ጠየቀች። ብርድ ልብሱን ገልጣ የጣቶቿን ጫፍ በመርፌ ነካ አደረገች።

«ይሰማሻል?»

«ኧረ ያማል፣ ዶክተር» ብላ እግሯን ሰበሰበች።

ሌላኛውንም ሞከረች። ያው ነው። መርፌውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

«ባልሽ የሚሰጥሽ መድኃኒት የለም?»

«ምንም። ስጠኝ ስለው ቆይ ይለኛል።»

ኃላፊዋ ብርድ ልብሱን መልሳ አለበሰቻት።

«የእኔስ እግር ደህና ነው፤ የእሱን ባዩልኝ» አለች ሚስትየው። «ትናንት ሚስማር ረግጦ ቤቱን ሲዞር ቆይቶ፣ ደሙን አይቼ የነገርኩት እኔ ነኝ።»