ዋንጉይ ዋርሳዋን ልትጠይቅ ሄደች

ዋንጉይ የባሏን ወንድም ካማንዴን ልትጠይቅ ስትነሳ ጥሩ ቀሚሷን ለብሳ፣ ማንዳዚ የሚባለውን ጣፋጭ ዳቦ በዘይት ጠብሳ ይዛ ነበር። ያዘጋጀችለት ግን ከማንዳዚው ይልቅ ምክሩን ነው። ሞተር ብስክሌቱን በኳስ ውርርድ የበላ ሰው ምክር አያንሰውም።

የነገራት ባሏ ንዱንጉ ነው። "ሊሙሩ አካባቢ ቁማርተኞችን አስተኝተው የሚያክሙበት ቤት አለ። ካማንዴ እዚያ ገብቷል፤ እሁድ እንሂድ" አላት። ለወንድሙ መቀየሪያ ልብስ ብሎ ሻንጣውን ራሱ አዘጋጅቶ ፒክ አፑ ላይ ጫነ።

መንገዱን ሙሉ አፏ አላረፈም።

"አስተኝተው ነው የሚያክሙት? ምኑን ነው የሚያመው?"

ንዱንጉ ማርሽ ቀየረ።

"ወባ የያዘው ይተኛ። ይሄ በሽታው ሳይሠሩ መብላት ነው። ትሰማኛለህ፣ የንጄሪ አባት?"

"እሰማሻለሁ።"

"ደግሞ ሞተሩን ያስያዘበት ቡድን፣ እሱም ቡድን ሆኖ ነው? አጥቂያቸው ጉልበቱን ከተመታ ወዲህ ከሜዳቸው ውጪ አሸንፈው አያውቁም። እኩል ይወጣሉ ብሎ መወራረድ ነበረበት። ይሄን ሕፃን ያውቀዋል።"

ባሏ ዞር ብሎ አያትና ዓይኑን ወደ መንገዱ መለሰ።

"ምነው ፊትህ ጠቆረ? ወንድምህን ስለነካሁብህ ነው?"

ቤቱ የሻይ ማሳ መሃል ነው። ግቢው ውስጥ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ተቀምጠው ድንች ይልጣሉ። ዋንጉይ ሴትዮዋን ከላይ እስከ ታች አየቻት።

"ሴትም አለችበት እንዴ? ልጆቿን ለማን ጥላ ይሆን? እንዲህ ያለችውን ባሏ እንዴት ቻላት?"

"ይወዳት ይሆናል" አለ ንዱንጉ።

"ጅል ነዋ።"

የቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ አኪኒ ወጥተው ሁለቱንም ጨበጧቸው። የዋንጉይን እጅ ግን አልለቀቁም።

"ካማንዴን ይጥሩልን" አለቻቸው። "ብዙ አንቆይም፤ ከሰዓት በኋላ ጉዳይ አለብኝ።"

ወይዘሮ አኪኒ ንዱንጉን አዩት። ንዱንጉ አቀርቅሮ ሻንጣውን ከፒክ አፑ አወረደ።

"ካማንዴ የሚባል ሰው እዚህ የለም፣ እህቴ" አሏት ቀስ ብለው፤ "አልጋሽ ግን ተነጥፎልሻል።"