ከመጋረጃው ወዲህ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ከሃያ። አዋሽ ላይ፣ አውቶቡሳችን ለምሳ በቆመበት ምግብ ቤት በረንዳ ተቀምጬ ጣቴን እወጋና የደሜን ጠብታ በመለኪያው ላይ አሳርፋለሁ። ስልሳ ሁለት። ስኳሬ ወርዷል። ከሰመራ ስነሳ የያዝኩትን ተምር፣ ገዋኔ አጠገብ ፍተሻ ላይ ሁለት ሰዓት ስንቆም ጨርሼዋለሁ።

ማሚት የሚሏት አስተናጋጅ ሒጃቤን አይታ ጎንበስ ትላለች። «ነይ የኔ እህት፣ ወደ ውስጥ ግቢ። መጋረጃ አለ» ትለኛለች በሹክሹክታ። «ደግሞ እንዳትሳቀቂ፤ አንቺ ብቻ አይደለሽም። ሁለት ሾፌሮች ጾመኛ ነን እያሉ ሦስተኛ እንጀራ አስጨምረዋል።»

በአዳራሹ በር ላይ ባለ አበባ መጋረጃ ተሰቅሏል። በረመዳን በቀን የሚበላ ሰው፣ ክርስቲያኑም ጭምር፣ ጾመኛውን አክብሮ የሚበላው ከዚያ ጀርባ ነው። ደግ ልማድ መሆኑን አውቃለሁ።

«አመሰግናለሁ፤ እዚሁ ይሁንልኝ» እላታለሁ። «አስቀድመሽ ሻይ፣ አራት ማንኪያ ስኳር ያለው። ከዚያ ሽሮ በአንድ እንጀራ።»

ለዒድ አዳማ ወደ ቤታችን የሚወስዱኝ አጎቴ ሐጂ ኢስማኤል፣ አጠገቤ እንደቆሙ፣ እኔን ትተው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ጋራዥ ይመለከታሉ። «ያ ጎማ የሚፈታው ልጅ ካሊድ ነው፤ የሙባረክ ወንድም» ይላሉ ከንፈራቸውን ሳያላቅቁ። «የዒድ ማግስት አንቺን ለሙባረክ ሊጠይቁ ሽማግሌ የሚልኩት እነሱ ናቸው። በአላህ ይዤሻለሁ፣ ረምላ፣ ግቢ።»

ስለ ሕመሜ ከቤተሰባችን ውጭ የሚያውቅ የለም። እናቴ ከአሥራ አንድ ዓመቴ ጀምሮ እንግዳ በመጣ ቁጥር መርፌዬን ቁም ሣጥን ውስጥ ስትቆልፍ ኖራለች፤ ስኳር ያለባትን ልጅ ማን ያገባል ብላ።

«አልገባም፣ አጎቴ።»

ሻዩ ይመጣል። ብርጭቆውን በሁለት እጄ ይዤ ስጎነጭ፣ ካሊድ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መንገዱን አቋርጦ ይደርሳል። አጎቴን ጎንበስ ብሎ ይሳለማል፤ ዓይኑ ግን ከብርጭቆዬ አልተነሣም። «እህቴ ምን ሆና ነው፣ ሐጂ?»

«መንገደኛ ናት እኮ!» ይላሉ አጎቴ ፈጥነው። «ከሌሊት ጀምሮ መንገድ ላይ ነን። የፈታችውን በኋላ ትጾመዋለች።»

ሐሰት አልተናገሩም፤ ዲናችን ለመንገደኛ ፈቅዷል። በጨዋ ደንብ የተከፈተልኝ በር ነው፤ ራሴን ነቅንቄ ዝም ብል ነገሩ በዚሁ ያበቃል። ካሊድም ሊያምን ተዘጋጅቷል፤ ፊቱ ፈታ ብሏል።

«ነገ አዳማ ስሆን መንገደኛ አይደለሁም» እላለሁ። «ነገም ግን እበላለሁ። ስኳር በሽታ አለብኝ፣ ካሊድ። በቀን አራት ጊዜ መርፌ እወጋለሁ። ፈቃዱ ለበሽተኛም ነው።»

ካሊድ የብርጭቆውን ታች ያያል፤ ያልሟሟው ስኳር እንደ አሸዋ ተኝቷል። «ወላሂ! ስኳር አለብኝ እያለች ስኳሩን በማንኪያ ትልሰዋለች!»

ማሚት ሳትፈልግ ትስቃለች። እኔም እስቃለሁ። «ሲበዛ ይጎዳኛል፤ ሲያንስ ይጥለኛል። አሁን አንሷል። ያየኸውን ለሙባረክ ንገረው፤ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ። ሽማግሌዎቹ ከመነሣታቸው በፊት።»

ንጹሕ የሆነውን እጁን እንደገና ይጠርጋል። «እነግረዋለሁ» ይላል በመጨረሻ። «አባታችን ምን እንደሚል ግን አላውቅም። አላህ ያሽርሽ።» ወደ ጋራዡ ሲመለስ አንድ የጭነት መኪና ጥሩንባ እየነፋበት ያልፋል፤ ዞር ብሎም አላየውም።

«እናትሽ አሥር ዓመት የደበቀችውን!» ይላሉ አጎቴ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው፤ ከጩኸት ይከብዳል። «አንድ መጋረጃ ከበደሽ?»

«አምና ሚሌ ላይ እኮ ከመጋረጃው ጀርባ ገብቼ ነበር። እንዳትታዪ ብለው ጥግ አስቀመጡኝ። ምግቡ ሳይደርስ ወደቅኩ። ያ ቦታ ሰው ሰውን እንዳያይ የተሠራ ነውና፣ ያየኝ አልነበረም። ሒሳብ ሊቀበል የመጣ ልጅ ነው ያገኘኝ።»

«ሙቀት ነው የጣላት ብለውኝ…»

«ሙቀት ያለችው እናቴ ናት።»

አጎቴ ፊታቸውን ወደ ጋራዡ ይመልሳሉ። ሩብ ሰዓት ጠብቄ ዳግመኛ እለካለሁ። ሰማንያ ስምንት። ማሚት ሽሮውን በሸክላ ድስት እየፈላ አምጥታ፣ «እንጀራው ከበዛብሽ ተዪው፤ ካነሰሽም ጥሪኝ» ብላኝ ትሄዳለች። እንጀራውን እከፍለዋለሁ፤ የምበላውን ያህል በዓይኔ መዝኜ የቀረውን ወደ ጠርዝ እገፋለሁ። ከዚያ መርፌዬን ከቀዝቃዛ መያዣው አውጥቼ፣ ለአውቶቡሱም ለጎዳናውም ጀርባዬን ሳልሰጥ፣ እጅጌዬን ሰብስቤ ክንዴን እወጋለሁ። ሁለት ተሳፋሪዎች አንገታቸውን ያዞራሉ። ሌሎቹ ያያሉ። ይዩ።

አሁን መብላት አለብኝ፤ መድኃኒቱ ስኳሬን ያወርዳል፣ አይጠብቅም። የመጀመሪያው ጉርሻ ግን በጣቶቼ መካከል ቆሟል፤ ማንንም ያልፈራሁት እኔ፣ የአጎቴን ፊት መዞር ፈርቻለሁ።

«አጎቴ፣ ጾምዎን እንደማከብር ያውቃሉ» እላቸዋለሁ። «ስለ እኔ እንዲከራከሩልኝም አልጠይቅዎትም። እስክጨርስ ድረስ ብቻ፣ እባክዎ፣ አጠገቤ ይቀመጡ።»

ከመንገዱ ማዶ ካሊድ ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጓል። አጎቴ እሱን ያያሉ። እጃቸው የባዶውን ወንበር መደገፊያ ይዟል፤ ወደ ራሳቸው አልሳቡትም፣ አልለቀቁትምም።